ሐሙስ 11 ሰዓት ተኩል፣ መጠጥ የሌለበት ማኅበር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ጋዜጣችሁን ከማኪያቶ ጋር የማነብ ሰው ነኝ። ድሮ ከማኪያቶ ጋር አልነበረም። ደብዳቤ ስጽፍላችሁ የመጀመሪያዬ ነው። ስሜንና ስልኬን በሌላ ወረቀት አያይዣለሁ፣ እባካችሁ እንዳታወጡት። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስትወርዱ ይገባችኋል።

ነገሩ አጭር ነው። መጠጥ ማቆም አቅቷቸው ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች በሳምንት አንድ ቀን አብረው የሚቀመጡበት ቦታ እዚሁ አዲስ አበባ አለ። እኔ ያንን ቦታ ለማግኘት 4 ወር ፈጀብኝ። በ4 ወር ውስጥ ስንት ጃምቦ እንደሚወርድ ለናንተ አልነግርም። የምጠይቃችሁ ነገር የማስታወቂያ ገጻችሁ ላይ ሁለት መስመር ነው፤ መጀመሪያ ግን እንዴት እንደደረስኩበት ልንገራችሁ።

የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነኝ፣ ጋራዥ ውስጥ ነው የምሠራው። ሰካራም ነኝ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ለኔ ሰካራም ማለት ቦይ ውስጥ የሚያድር ሰው ነው። እኔ ቤቴ ነው የማድረው፣ አንዳንዴ ማን እንዳስገባኝ ባላውቅም። ደግሞ ሁዳዴን 55 ቀን አልቀምስም ነበር። ይሄ ትልቁ ማስረጃዬ ነበር። ባለቤቴ አፏን በከፈተች ቁጥር «ሱሰኛ ሰው ሁለት ወር ሙሉ ይተዋል እንዴ?» እላታለሁ። እሷ ደግሞ አንድ መልስ ብቻ አላት፤ «የፋሲካው ሌሊትስ ትዝ ይልሃል?» አይለኝም። ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ አንድ ዓመት ጾሙም አልያዘልኝ አለ። በሁለተኛው ሳምንት ሮብ ቀን አንድ ግሮሰሪ ውስጥ፣ ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ፣ እንደ ሌባ ተደብቄ ጠጣሁ። ጠዋት ጠዋት እጄ መንቀጥቀጥ የጀመረውም ያኔ አካባቢ ነው። የሞተሪኖ ገመድ ለማሰር ብሎኑን ቀዳዳው ላይ ማስቀመጥ አቃተኝ። ሦስቴ ወደቀብኝ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ አንስቶ፣ ምንም ሳይለኝ፣ ራሱ አሰረልኝ። ምንም አለማለቱ ነው የገደለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ሥራ ከመግባቴ በፊት እጄ እንዲረጋ አንድ መለኪያ አረቄ መውሰድ ጀመርኩ። ይረጋል። እስከ 4 ሰዓት።

ማቆም እንዳለብኝ ሲገባኝ መጀመሪያ ያማከርኩት የጠጪ ጓደኛዬን ነው፣ ሌላ ማን አለኝ። «ደግ አሰብክ» አለኝና ለውሳኔዬ አንድ አንድ አዘዘ። ስልኬ ላይ «መጠጥ ማቆም እፈልጋለሁ» ብዬ በአማርኛ ጻፍኩ። ሎሚ በማር ጠጣ የሚል ወጣ፣ ስብከት ወጣ፣ ፈረንጅ አገር ያለ ስብሰባ አድራሻ ወጣ። አንድ የጤና ተቋም ሄጄ ለነርሷ ነገርኳት። ልጅ ናት፣ ክፉ አይደለችም፤ «ወንድሜ፣ እሱማ ራስህ መወሰን ነው» አለችኝ። መቼ ሳልወስን ቀርቼ! በቀን ሦስቴ ነው የምወስነው።

በመጨረሻ ባለቤቴ አንድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ጎትታ ወሰደችኝ። በኛ ሰፈር «አማኑኤል» የሆስፒታል ስም መሆኑ ቀርቶ ስድብ ከሆነ ቆይቷል፤ «ይሄ ሰውዬ አማኑኤል ያስፈልገዋል» ይባላል። ስለዚህ ካርድ ክፍል ፊት ተሰልፌ ኮፍያዬን ዓይኔ ድረስ ነበር ያወረድኩት። ሐኪሟ ስንት እንደምጠጣ፣ ጠዋት እንደምጠጣ፣ ሳልጠጣ ስውል ምን እንደምሆን ጠየቀችኝ። እኔ ተግሳጽ ጠብቄ ነበር። እሷ የተቆጣችው አንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፤ «ነገውኑ በአንድ ጊዜ እቆርጣለሁ ብለህ ቤት ውስጥ እንዳትዘጋ» አለችኝ።

ይሄን እባካችሁ አትቁረጡብኝ፣ ሰው ይሞትበታል። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ በብዛት የጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት፣ መንቀጥቀጥና ላብ ብቻ አይደለም የሚመጣው። እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው፣ የሌለ ነገር ሊያይና ሊሰማ ይችላል፣ ሊገድለውም ይችላል። ምክንያቱን እኔ በመኪና ነው የተረዳሁት። መጠጡ ፍሬን ነው፣ አእምሮህን ይይዛል። አእምሮህ ደግሞ ፍሬኑን ለመቋቋም ነዳጁን እየረገጠ ይለምዳል። ፍሬኑን ድንገት ስትለቀው ነዳጁ ግን እንደተረገጠ ነው። በዚህ የተነሳ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። እኔን ለተወሰኑ ቀናት የሚያረጋጋ መድኃኒትና ቫይታሚን አዘዘችልኝ፣ መድኃኒቱን ባለቤቴ ቆጥራ እየሰጠችኝ ዋጥኩ። ልወጣ ስል ሐኪሟ ቁራጭ ወረቀት ላይ ስልክ ቁጥር ጻፈችልኝ። «መድኃኒቱ ሰውነትህን ነው፣ ቀሪውን ግን ብቻህን አትችለውም፣ እነዚህ ጋ ደውል» አለችኝ።

ሁለቴ ደውዬ ሁለቴ «ሄሎ» ሲሉኝ ዘጋሁት። በሦስተኛው ሰውየው «አይዞህ አትዝጋው» አለ። ሐሙስ 11 ሰዓት ተኩል፣ እዚህ ቦታ፣ አለኝ። ስሜን አልጠየቀኝም።

ቦታው ከመንገድ ገባ ብሎ ነው። ሰማያዊ የቆርቆሮ በር፣ ታፔላ የለውም። ጋቢ የለበሱ ጥበቃ አባት በሩ ላይ ተቀምጠዋል። «ወዴት ነው?» አሉኝ። «ሰው ፈልጌ ነው።» «ማንን?» ማንን ልበል፣ የማውቀው ሰው የለም። «ተሳስቻለሁ መሰለኝ አባቴ» ብዬ ዞርኩ። ጥግ ላይ ካለው ግሮሰሪ ገብቼ ምን እንዳደረግኩ ገምቱ። በሳምንቱ ስመለስ ገና ከሩቅ አዩኝና በሩን ከፈቱት። «ግባ ልጄ፣ በስተግራ ነው። መጀመሪያ ቀን ሁሉም ተሳስቻለሁ ይላል።»

ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ። የፕላስቲክ ወንበር በክብ ተደርድሯል፣ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ቴርሞስ፣ ቆሎና የተቆረጠ ዳቦ። ከዘጠኙ አንዱን አወቅኩት፣ የጋራዣችን ደንበኛ ነው። እሱም አወቀኝ። ሁለታችንም መሬቱን ማየት ጀመርን። ሲያልቅ መጥቶ «ዳይናሞው እስካሁን ምንም አልሆነ» አለኝና በዚያው ዘጋን።

ሰዎች የሚፈሩት ምን እንደሚደረግ ስለማያውቁ ነው፣ ስለዚህ ልንገራችሁ። ምንም አይደረግም ማለት ይቻላል። አንዱ ገጽ ያነባል። ከዚያ ተራ በተራ፣ የፈለገ ይናገራል፣ ያልፈለገ «ዛሬ ልስማ» ይላል። ሰው ሲናገር አይቋረጥም። ሲጨርስ ምክር አይሰጥም። ይቺ የመጨረሻዋ ለኛ ለሐበሾች ከባድ ናት። ሰው ችግሩን ነግሮን «እኔ አንተን ብሆን» ሳንል ስንት ደቂቃ እንቆያለን? እዚያ ግን አንድ ሰው የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ እንዴት እንደጠጣው ነገረንና ዘጠኝ ሰው ዝም አለ፣ ከዚያ «እናመሰግናለን» ብለው ወደ ቀጣዩ አለፉ። ለካ ሳይመከሩ መናገር እንዲህ ያቀላል።

ሌላው ከባድ ነገር ራስን ማስተዋወቁ ነው። በእንግሊዝኛው ልማድ ስምህን ትልና «የአልኮል ሱሰኛ ነኝ» ትላለህ። በአማርኛ ስትለው ቃሉ ጉሮሮ ላይ ይቀራል፤ «ሱሰኛ» ስንል የምናስበው ሌላ ሰው ነው። አንድ በዕድሜ ትልቅ የሆኑ ጋሼ አሉ፣ እሳቸው «መጠጥ ያሸነፈኝ ሰው ነኝ» ነው የሚሉት። እኔም ከሳቸው ወሰድኩት። የሚከለክል የለም።

ነገሩን የፈጠሩት አሜሪካኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1935፣ ጣሊያን ሊወረን ጥቂት ወራት ሲቀሩት ማለት ነው፣ ኦሃዮ ግዛት አክረን ከተማ ውስጥ ቢል የሚባል የአክሲዮን ደላላና ቦብ የሚባል የቀዶ ሕክምና ሐኪም ተገናኙ። ሁለቱም ጠጥተው ያለቀላቸው ሰዎች ነበሩ። ቢል ገና ጥቂት ወራት ነበር ከተወ፤ ላለመጠጣት የረዳው ሌላ ጠጪ ጋ ቁጭ ብሎ ማውራቱ መሆኑን ያወቀው በራሱ ላይ ነው። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ (ስማቸውን የማይገልጹ የመጠጥ ሱሰኞች እንደ ማለት ነው) የሚባለው ማኅበር ከዚያ ተነሣ፣ አባላቱ የሚከተሏቸው 12ቱ ደረጃዎች የሚባሉትም እ.ኤ.አ. በ1939 በመጽሐፍ ወጡ። ለመግባት የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፣ መጠጥ ለማቆም መፈለግ። መመዝገቢያ የለም፣ ክፍያ የለም። ሳህን ይዞራል፣ ያለው ለሻይ ጣል ያደርጋል። ከውጭ ሰው ገንዘብ አይቀበሉም፣ ሀብታም ቢመጣም።

ይሠራል ወይ ለምትሉኝ፣ ጥያቄው የኔም ነበር። ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020፣ 27 ጥናቶችን፣ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎችን አይቶ፣ እንዲህ ባለው ማኅበር በኩል ያለፉ ሰዎች ሙሉ በሙሉ ሳይጠጡ በመቆየት ከሌሎቹ የታወቁ የምክር ሕክምናዎች እንደማያንሱ፣ እንዲያውም ብዙ ጊዜ እንደሚሻሉ ጽፏል። ለሁሉም ይሠራል አላለም። ከኔ ጋር ከጀመሩት ሦስት ሰዎች አንዱ በወሩ ጠፋ። አንዳንዴ ሰማያዊው በር ሲንቋቋ እሱ ይመስለኛል።

እናቴ የሰማች ቀን የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ሃይማኖት ሊያስቀይሩህ ነው እንዴ?» አይ እማዬ። ደረጃዎቹ ውስጥ አምላክ የሚል አለ፣ ግን «እኛ በተረዳነው መጠን» ይላል፣ የማን እንደሆነ አይጠይቅም። ጠዋት እንጦጦ ማርያም ጸበል ተጠምቆ ማታ የሚመጣ አለን። መስገጃውን በፌስታል ይዞ የሚመጣ ወንድም አለን፤ እሱ እንዲያውም ከሁላችንም ይበልጥ ተደብቆ የኖረ ነው፣ ቤተሰቡ ዘንድ መጠጣቱ ራሱ የማይነገር ነገር ስለሆነ። ጸበሉንም ንስሐውንም ማንም ተው አይልም።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። እኛ አገር ሰው ብቻውን አይኖርም ይባላል፣ እውነት ነው። ዕድር አለን፣ ዕቁብ አለን፣ የጽዋ ማኅበር አለን። ግን እስቲ ቁጠሩ፣ የትኛው ነው ያለ መጠጥ የሚሰበሰበው? የዕቁቡ ዳኛ ብሩን የሚሰበስበው ግሮሰሪ ነው። የጊዮርጊስ ማኅበር ጠላ ይጠመቅለታል። ሠርጉ፣ ክርስትናው፣ ምርቃቱ፣ አዲስ መኪና የገዛ ሰው ሳይቀር «አርጥብ» ይባላል። መጠጥ የተወ ሰው መጠጡን ብቻ አይደለም የሚተወው፣ ሰውን ነው። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ቅዳሜ ከሰዓት የት እንደምቀመጥ አላውቅም ነበር። መኪና የሌለው ሰው መኪና ለማጠብ ወጣ ሲል አስቡት።

ደግሞ «በሞቴ» የምትባል ቃል አለች። «በሞቴ፣ አንድ ብቻ።» ሰው በሞቱ ሲለምንህ ምን ትላለህ? እኛ ስብሰባው ላይ ይሄን ራሱን እንለማመዳለን፣ ሳቅ በሳቅ ነው የምንሆነው። አንዱ ይለምናል፣ አንዱ እምቢ ይላል። ከሁሉም የሚሠራው መልስ «መድኃኒት ጀምሬያለሁ» የሚለው ነው። አንቲባዮቲክ ላይ ነኝ ያለን ሰው ማንም አያስገድድም። ያቺ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ አንቲባዮቲክ ላይ የሆነ ሰው አለ፣ ዘመዶቹ ምን በሽታ ነው ብለው መጨነቅ ጀምረዋል። እኔ አሁን «ተውኩት» ነው የምለው። አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ ደግሞ ጥግ ላይ ይጠብቀኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንዴት ነው የተውከው?» ይለኛል። እንዲህ የጠየቁኝ እስካሁን ስድስት ናቸው።

አልዋሽም፣ አንዴ ወድቄያለሁ። በአምስተኛው ወር፣ የእህቴ ልጅ ምርቃት ላይ፣ ማንም ሳይለምነኝ። ሦስት ቀን ጠጣሁ። ሐሙስ ዕለት በሩ ላይ ስደርስ እግሬ እምቢ አለኝ፣ ጥበቃው አባት ናቸው የገፉኝ። ተራዬ ሲደርስ «ሦስት ቀን ጠጥቼ ዛሬ ሁለተኛ ቀኔ ነው» አልኩ። ጋሼ «እንኳን መጣህ» አሉኝ፣ ሻይ ቀዱልኝ፣ ስኳሩን አበዙት። (መጠጥ የተወ ሰው ጣፋጭ ያምረዋል፣ አትገረሙ። የኛ ሻይ አራት ማንኪያ ነው።) ከዚያ ወዲህ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነኝ።

ስለ ሴቶች ትንሽ ልበል፣ ብዙ አላውቅምና። አንዲት እህት አለች፣ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ አውርዳ ነው የምትመጣው፣ ከበሩ አጠገብ ያለው ወንበር የሷ ነው። ወንድ ሲጠጣ «ይጠጣል» ይባላል። እሷ ስትጠጣ ምን እንደሚሏት እኔና እናንተ እናውቀዋለን። ለጠጪ ሚስትና ልጅም ራሱን የቻለ ማኅበር አለ፣ አልአኖን ይባላል፣ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1951 የቢል ሚስት ሎይስ ከሌላ ሴት ጋር ሆና የመሠረተችው ነው። ባለቤቴ ይሄን ስነግራት «እሱን ማን ነግሮኝ» አለችኝ። ከሌሎች ሁለት ሚስቶች ጋር አሁን ራሳቸው ቤት ለቤት እየተቀመጡ ነው፣ በቡና። ምን እንደሚያወሩ አልተነገረኝም።

እንግዲህ ወደ ሁለቱ መስመሮች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አውርዷል፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ልጅ እንዳይሸጥም ከልክሏል። ጥሩ ነው። ልጄ አሁንም የሰፈሩን የግሮሰሪ ስሞች በሙሉ ያውቃል፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ግን መጠጥ መተው የሚፈልግ ሰው ወዴት ይሂድ? እኛ በባህሪያችን የምንደበቅ ነን። ከማኅበሩ ልማዶች አንዱ ደግሞ፣ አባል ስሙን በጋዜጣ፣ በሬዲዮ አያወጣም የሚል ነው፣ እኔም ስሜን ያልጻፍኩት ለዚያ ነው፣ ለኀፍረት ብቻ አይደለም። ይሄን ደብዳቤ እንድጽፍ ሐሙስ ዕለት ጠይቄያቸው እሺ ብለውኛል። የስብሰባውን ቀንና ስልክ ማውጣት ይቻላል ብለዋል። ስልኩ ያው ሁለቴ የዘጋሁበት ነው።

ስለዚህ ከዕድር ጥሪው፣ ከጠፋ መታወቂያው፣ ከሚከራየው ቤት ማስታወቂያ መሃል፣ በየሳምንቱ አንድ ቦታ ላይ፣ «መጠጥ ማቆም ለሚፈልግ፦ ሐሙስ 11፡30» የሚልና ከሥሩ ስልክ ቁጥር ያለው ነገር ብታወጡልን። ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሰፈር እንዲህ ያለ ስብሰባ ያላቸው ሰዎች ይህን አንብበው የነሱን ቢልኩላችሁ እነሱንም አብራችሁ። ማስታወቂያው ክፍያ ካለው ንገሩን፣ ከሻይ ሳህኑ እናዋጣለን። ብዙ አይሆንም፣ ስኳሩ ጨርሶታል።

ቁጥሩን ከስሜ ጋር አያይዤዋለሁ። ማታ ብትደውሉ የሚያነሣው ሰው ስማችሁን አይጠይቅም። ሐሙስ ብቻ አትደውሉ፣ ስብሰባ ላይ ነን፤ በዚያ ሰዓት ስልኩ ቴርሞሱ አጠገብ ድምፁ ጠፍቶ ነው የሚቀመጠው፣ ሻዩን አሁን የማፈላው እኔ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
መጠጥ ያሸነፈው ሰው
ከአዲስ አበባ